የጋሽ ባዬ ወንበር

ቅዳሜ ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ዘርፌ በሯን ትቆልፋለች፣ መስኮቷን ትዘጋለች፣ ክራሯን ታቅፋ ከግድግዳው ፊት ትቀመጣለች። ግድግዳው ላይ አራት ወንበር ይበራል፤ በየወንበሩ ላይ በየቤቱ ሆኖ የሚጫወት ሰው ይታያል፤ አንደኛው የራሷ ነው። በሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓ.ም. ደሴ ውስጥ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ሁሉ ቅዳሜን የሚያሳልፈው እንዲሁ ነው ይባላል። ይባላል ነው እንጂ ያየ የለም። ከቤት ውጭ መጫወት ከተከለከለ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የቤቶቹም ግድግዳ ድምፅ አያሳልፍም፤ ጎረቤት ከበሮ ይምታ፣ መርፌ ይጣል፣ የሚታወቅ ነገር የለም። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ አጉረምርሞ ነበር። ኋላ ለመደው፤ ሰው ደግሞ የማይለምደው የለም።

ጤና ጣቢያው ለእያንዳንዱ ነዋሪ በሳምንት ስድስት የወዳጅ ሰዓት ያዛል። ላላሟላ ሰው መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ እንክብል ይላክለታል። ዘርፌ እንክብል ወስዳ አታውቅም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቦሩ ሜዳ ካለው የፀሐይ ጣቢያ መስተዋት አጣቢዎቹን ማሽኖች ስትጠብቅ ትውልና ቅዳሜ ስድስቱንም ሰዓት ባንዴ ትሞላዋለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቷ የሚገባ ሰው የለም፤ ወዳጅ ብትባል ያሏት ሌሎቹ ሦስት ወንበሮች ናቸው። ማሲንቆ የሚመታው ጥላዬ ሐዋሳ ነው፤ የምትዘፍነው እታፈራሁ ድሬዳዋ ናት፤ ዋሽንት የሚነፋው ጋሽ ባዬ ደብረ ታቦር። ያገናኛቸው ቤተ ቅኝት የሚባል ድርጅት ነው፤ ሰው አሳጥሮ «ቤቱ» ይለዋል። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲጫወቱ አንዳቸው የአንዳቸውን እጅ ጨብጠው አያውቁም።

ከሦስቱ መካከል ዘርፌ «ሰው ነው» ብላ የምትምልበት ጋሽ ባዬን ነበር። ምላሱ እሬት ነው። ክሯ ላልቶ ከሰማ «አንቺ ሴትዮ፣ ክራር ነው የያዝሽው ወይስ አጥር ትነቀንቂያለሽ?» ይላታል። አንድ ጊዜ «ዋሽንትህ ቸኮለ» ስላለችው ሁለት ወር ሙሉ አኩርፏታል፤ በየቅዳሜው ይመጣል፣ ይነፋል፣ ለሷ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። እናቷ የሞተች ሰሞን ደግሞ፣ ማጽናናት አያውቅበትምና፣ ወንበሩን አብርቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ አብሯት ተቀመጠ። ጥላዬ ብዙ ተናግሯል፣ እታፈራሁም ብዙ ተናግራለች፤ ዘርፌ ከዚያ ሰሞን የምታስታውሰው ግን የጋሽ ባዬን ዝምታ ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ይኸው ሰው ተለወጠባት።

መጀመሪያ ያስተዋለችው ትንፋሹን ነው። ዋሽንት ነፊ ሲነፋ ቆይቶ አየር ይስባል፤ የጋሽ ባዬ አሳሳብ ደግሞ ወናፍ ነበር፤ ጥላዬ ይስቅበት ነበር። አሁን ያ ድምፅ የለም። ሦስት ዘፈን አከታትሎ ይነፋል፤ አይደክመው፣ አይስት፣ ጉሮሮውን አይጠርግ። ቀጥሎ ጠባዩ። አንድ ቅዳሜ ዘርፌ ክሯ ላልቶ ሳለ እንደላላ ተጫወተችለትና ስድቧን ጠበቀች። «ጥሩ ነው ዘርፌ፣ ቀጥዪ» አላት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከጋሽ ባዬ አፍ የወጣው ትልቁ ምስጋና «አይከፋም» የሚል ነበር።

በማግስቱ እሑድ ልብስ ልታሰጣ ሰገነቱ ላይ ስትወጣ ጎረቤቷ እትዬ ስንቅነሽ ፍራሽ ያራግፋሉ። ሰባ ዓመት የዘለላቸው ሴት ናቸው፤ ስምንት ዓመት በአንድ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ዘርፌ ልብሱን እንደያዘች ቆመች። ሴትዮዋ ፍራሹን የሚመቱት አቧራውን ለማስለቀቅ ብቻ አልነበረም፤ በግራ እጃቸው ሁለቴ ቀለል፣ በቀኝ አንዴ ከበድ ያደርጉታል፤ ትከሻ የሚያስነቀንቅ ምት ነው።

«ከበሮ ይመቱ ነበር እንዴ?»

እትዬ ስንቅነሽ ግራ ቀኛቸውን አዩ። «ፍራሽ ነው የምመታው» አሉ። «ፍራሽ መምታት አልተከለከለም።»

«እኔ ክራር እጫወታለሁ።»

«እዚሁ? ከኔ ግድግዳ ማዶ?» አሏት፤ እጃቸውን ከፍራሹ ላይ አነሱ። «ስምንት ዓመት ሙሉ? እኔ እኮ የምታስነጥሺ እንኳ አይመስለኝም ነበር።»

ተሳሳቁ። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ዘርፌ የጋሽ ባዬን ጉዳይ አወራቻቸው። እትዬ ስንቅነሽ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብለው ሰሙ።

«ታሞ ነበር?» አሉ።

«እንጃ። ቢታመምም የሚናገር ሰው አይደለም።»

«እኔና እኅቴ አንድ ቡድን ውስጥ ነበርን፤ እሷ ወሎ ኬላ፣ እኔ እዚህ። ሞተች። ቀበርኳት፣ እነዚህ እጆቼ አፈር መልሰውባታል። በስምንተኛው ቀን ግድግዳውን ብከፍት ወንበሯ በርቷል። ‹ስንቅዬ፣ ምነው ዘገየሽ?› አለችኝ።» ፍራሹን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «‹ሰው ቢጎድል ወንበር አይጎድልም› ይል የለ ቤቱ? እኔ ማስታወቂያ ነበር የመሰለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግድግዳዬን አብርቼው አላውቅም፤ እንክብሌን እውጣለሁ፣ ፍራሼን እመታለሁ።»

ዘርፌ ልብሱን ሳታሰጣ ወረደች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ መጠርጠሩንስ ጠርጥራለች፣ ግን ማረጋገጫ ፈለገች። ጋሽ ባዬ ሞቶ ከሆነ ሳታለቅስለት ልትቀር ነው፤ ሳይሞት ከሆነ ደግሞ ምን ነካው?

ሳምንቱን ሙሉ አሰበችበትና ዘዴ አገኘች። ክራር ክሩን እያጠበቁ እያላሉ ቅኝቱን ይለውጡለታል። ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ተበስቷል፤ ቅኝት ሲለወጥ ነፊው አንዱን ዋሽንት አስቀምጦ ሌላውን ማንሳት አለበት። የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም ማለቱ አይቀርም። ዘርፌ ሁለት ክራር ቃኘች፤ አንዱን በባቲ፣ አንዱን በአንቺሆዬ። ቅዳሜ በባቲው ጀመሩ። እታፈራሁ ብቻዋን የምታንጎራጉርበት ቦታ ሲደርስ ዘርፌ ክራሯን አስቀምጣ ሌላውን አነሳችና፣ ለማንም ሳትነግር፣ በአንቺሆዬ ገባች።

ዋሽንቱ አብሯት ገባ። አልተደናቀፈም፣ አላቋረጠም፣ አንዲት ድምፅ አልሳተም።

ዘርፌ እጇን ከክሩ ላይ አነሳች። «ጋሽ ባዬ፣ በየትኛው እጅህ ነው ዋሽንት የቀየርከው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የድሮው ጋሽ ባዬ ቢሆን እስካሁን አባቴን ከመቃብር ጠርቶ ሰድቦልኝ ነበር።» ክራሯን ከጭኗ ላይ አወረደች። «አንተ ሰው አይደለህም። ጋሽ ባዬ ሞቷል። በሞተ ሰው ወንበር ላይ ነው የተቀመጥከው፤ ተነስ።»

የጋሽ ባዬ ወንበር ጠፋ። ጥላዬ «ነገር ከፋ» ብሎ የማሲንቆውን ጭራ ማጥበቅ ያዘ። እታፈራሁ ደግሞ «ሁላችንም የሚሰማንን መናገራችን ደስ ይላል» አለች። ዘርፌ አፍጥጣ አየቻት፤ እሷንም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መጠርጠር ጀመረች።

እንግዲህ ሞቷል ብላ ቆረጠች። ሰኞ ጥቁር ለብሳ ሥራ ገባች፤ ነጠላዋንም እንደ ሐዘንተኛ አደረገች። «ማን ሞተብሽ?» ሲሏት «ወዳጄ» አለች፤ ከየት እንደሆነ የጠየቃት የለም። ማታ ማታ እትዬ ስንቅነሽ ሽሮ እየያዙ እየመጡ አብረዋት ተቀመጡ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያ ቤት እንግዳ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ የጋሽ ባዬ ወንበር በራ።

«ዘርፊዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?» አላት ፈገግ ብሎ። «ያለፈው አለፈ። እኔ ቂም አልይዝም።»

ዘርፌ ክራሯን እንዳቀፈች ቀረች። ጋሽ ባዬ ቂም አይይዝም? ለአንዲት ቃል ሁለት ወር ያኮረፈ ሰውዬ? ይኸኛውስ በእርግጥም ሰው አይደለም። ግን ያለፈው ሳምንትስ? ያን ዕለት ወንበሩ ላይ የነበረውም እንዲህ ያለው ከሆነ ያኔም ፈገግ ብሎ ማለፍ ነበረበት። ሰው ያልሆነ ነገር አይቀየምም፤ ወንበሩን ጥሎ አይወጣም። ተቀይሞ የወጣው ራሱ ጋሽ ባዬ ነበር። በሕይወት ያለውን ሰው ሞተሃል ብላ አባረረችው፤ እሱ ሲወጣ ደግሞ ይኸኛውን አስቀመጡላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ያን ቀን ዘጠኝ ዓመት የተጫወተችውን ዘፈን ሁሉ ሳተችው፤ ፈገግተኛው «ጥሩ ነው» እያለ አጀባት።

ስድስቱ ሰዓት ሲያልቅ መልእክት ላከች፤ «ጋሽ ባዬ፣ የት ነህ?» የሚል። ዓይኗን ሳታርገበግብ «አለሁ ዘርፊዬ፣ ሁሉም ሰላም ነው» የሚል መልስ መጣ። አምስት ጊዜ ላከች፤ አምስቱም ጊዜ ሁሉም ሰላም ነበር።

«ሂጂና እዪው» አሏት እትዬ ስንቅነሽ።

«ደብረ ታቦር ድረስ?»

«የተሰጠሽ እግር ነው ወይስ ግድግዳ? ሂጂ።»

ሰኞ ገና ሳይነጋ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ሳያስገባት በፊት የጉዞዋን ምክንያት ጠየቃት። ሥራ፣ ሕክምና፣ ቀብር የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ነበሩ፤ ወዳጅ መጠየቅ የሚል አልነበረም። ቀብር የሚለውን ነካች። «ጥንካሬውን ይስጥሽ» አላት በሩ፣ ተከፈተም። ወልድያ ላይ ቀይራ፣ ጋሸናን አልፋ፣ ንፋስ መውጫ ላይ ብርድ አንጀቷን በልቷት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደብረ ታቦር ገባች።

አድራሻ የላትም። ያላት ጋሽ ባዬ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለጉራ የጣለው አንድ ነገር ነው፤ ዋሽንቱን የሚቆርጠው ራሱ ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ በታች በግቢው ካበቀለው ሸምበቆ መሆኑን ይናገር ነበር። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ያገኘቻትን ሴት ዋሽንት የሚነፋ ሰው ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። «እዚህ ማንም ምንም አይነፋም» አለች ሴትዮዋ፣ ገላምጣት አለፈች። ዘርፌ አጥር አጥሩን እያየች ቁልቁል ወረደች። በአምስተኛው ግቢ የቤቱን ጣሪያ ያለፈ ሸምበቆ አየች። አንኳኳች።

የከፈተላት አጭር፣ ከሲታ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ሽማግሌ ነው። ግድግዳው ላይ ከሚታየው ያረጀ መሰላት። አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ ከሸፈነው እጁ ሥር «ማንን ፈለግሽ?» አላት።

«ጋሽ ባዬ፣ ዘርፌ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሷ አያት። «የትኛዋ ዘርፌ?»

«የደሴዋ ነኛ። ስንት ዘርፌ ታውቃለህ?»

«የደሴዋ ዘርፌ ከትናንት ወዲያ ከኔ ጋር ስትጫወት ነው የዋለችው። ባለፈው ረቡዕ ደግሞ በግድግዳዬ መጥታ አልቅሳ ይቅርታ ጠይቃኝ፣ ይቅር ተባብለናል። አንቺን ማን ላከሽ?»

ዘርፌ የአጥሩን እንጨት ያዘች። ለካ አስመሳይ ያስቀመጡት ለሷ ብቻ አልነበረም። «ከትናንት ወዲያማ እኔም ካንተ ጋር ነበርኩ» አለች። «‹ቂም አልይዝም› አልከኝ።»

«እኔ?» እጁ ከአፉ ላይ ወረደ። «እኔ ነኝ ቂም አልይዝም ያልኩት?»

ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ አልነበሩም። ዘርፌ ክፍተቱን ስታይ ጊዜ መልሶ ሊሸፍን ቃጣና ተወው። እሱ እሷን ይጠረጥራል፣ እሷ እሱን ትጠረጥራለች። ኋላ «እጅሽን አምጪ» አላት። የጣቶቿን ጫፍ አንድ በአንድ እየዳበሰ፣ ክር ያደነደነውን ቆዳ በጥፍሩ ጫን ጫን አደረገው።

«ፋሲካ ዕለት አጥንት ስግጥ ሰበርኳቸው» አለ እጇን ሳይለቅ። «ያለ ጥርስ ዋሽንት አይነፋም፣ ትንፋሹ ይበተናል። አፈርኩ። ቤቱ ‹ማለስለሻ የሚባል ነገር አለ፣ አብራው› አለኝ፤ አበራሁት። ዋሽንቴንም ንግግሬንም እያለሰለሰ ያሳልፍልኝ ጀመር።»

«ቅኝት የቀየርኩ ቀንስ?»

«ዋሽንቴን ወርውሬ ስሰድብሽ ነበራ። አባትሽን፣ አያትሽን፣ ክራርሽን የጠረበውን ሰውዬ ሳይቀር።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ምን ሰማሽ?»

«ዋሽንት።»

ጋሽ ባዬ ፎጣውን ፈታ፣ መልሶ ጠመጠመው።

«እኔ እኮ ለቅሶህን ተቀምጫለሁ» አለችው። «ያቺኛዋንስ አልጠረጠርካትም?»

«ጠረጠርኳት። አንቺ ስታለቅሺ ሰምቼ አላውቅም፤ እናትሽ የሞተች ቀን እንኳ አላለቀስሽም። ግን ‹ጋሽዬ በድዬሃለሁ› እያለች ስትለምነኝ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ጊዜ ዝም አልኩ።» ፊቱ ኮሰተረ። «በሰው ፊት ‹ሰው አይደለህም› ብለሽኛል፣ ዘርፌ። ‹ተነስ› ብለሽኛል። ያቺስ ምንም ትሁን ምን ይቅርታ ጠይቃኛለች። አንቺስ?»

ዘርፌ ከደሴ እስከዚህ ድረስ መንገዱን ሁሉ ስታስብ የመጣችው መኖር አለመኖሩን እንጂ ይቅርታ መጠየቅ ትዝ ብሏትም አያውቅ። «መኖርህን ለማየት ነው የመጣሁት» አለች።

«አለሁ። አየሽኝ። በይ ደህና ግቢ።» በሩን ገፋው።

ምን ትበል? ልትለው የምትችለው ቃል ሁሉ አስቀድሞ ተብሏል፤ ከሷ በተሻለ ድምፅ፣ እንባ ተጨምሮበት፣ በራሷ መልክ ተብሏል። በቃል ብትጀምረው ከሁለቱ ዘርፌዎች የምታንሰው እሷ ናት። ዙሪያዋን አየች። ከአጥሩ ሥር ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን፣ ትልቁን፣ በሁለት እጇ ነቅላ አነሳች። አፈሩ ደረቷ ላይ ተራገፈ። ማጅራቷ ላይ አስቀመጠችው፤ አያቶቿ ይቅርታ ሲለምኑ ከበደሉት ሰው ደጅ ያደርጉት እንደነበረው አጎንብሳ፣ በሩ ፊት ቆመች።

በሩ ሊዘጋ ሲል ቆመ።

ወጉ እንደሆነ ድንጋይ የተሸከመን ሰው ቶሎ «አውርደው» ይሉታል። ጋሽ ባዬ አላለም። ዘርፌ የምታየው የፕላስቲክ ጫማውን ጫፍ ብቻ ነው፤ አየር ሲስብ በተሰበሩት ጥርሶቹ መካከል ሲያፏጭ ይሰማታል። ከመንገዱ ማዶ አንድ መስኮት ተከፍቶ ሰው ብቅ ብሎ አያቸው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አንገቷን አመማት። ግድግዳው ላይ ያለው ባዬ ቢሆን እስካሁን አሥር ጊዜ ይቅር ብሏታል። ይኼኛው አላላትም፤ ደስ አላት፤ ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«ከበደሽ?» አላት።

«ከብዶኛል።»

«እኔ ገና ነኝ» አለ ጋሽ ባዬ። «ትንሽ ቆዪ።»

ዘርፌ ድንጋዩን አመቻችታ ቆየች።